7 ወይስ 8? ከተላከ በኋላ ስህተት የተገኘበት የሪሲደንሲ ማመልከቻ

ጉዳዩ የአንዲት ሐኪም ነው። ኢትዮጵያ ተምራ፣ ኢትዮጵያ ሠርታ፣ ዲቪ ደርሷት ወደ አሜሪካ የመጣች። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ በሜዲካል አሲስታንትነት እየሠራች ፈተናዎቿን ጨረሰች። ከዚያ በኢንተርናል ሜዲስን (በውስጥ ደዌ ሕክምና) ለሪሲደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ አመለከተች፤ ያመለከተችው ለ2025ቱ “ማች”፣ አመልካቾች በየሆስፒታሉ ፕሮግራም ለሚደለደሉበት ዓመታዊ ምደባ ነው። ስሟን፣ የተማረችበትን ዩኒቨርሲቲና ያመለከተችባቸውን ሆስፒታሎች አልጠቅስም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅዳለች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “ዓ.ም.” ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው። የጉዳዩ ጣጣም ከዚያው ነው የሚጀምረው።

ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ባጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ ሪሲደንሲ ማመልከቻ በአብዛኛው የሚገባው ኢራስ በሚባል ሥርዓት ነው። ኢራስን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ ኤኤኤምሲ ነው። እንደ እሷ ውጭ አገር የተማረ ሐኪም የውጭ ምሩቃንን በሚያረጋግጠው ድርጅት፣ በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ማለፍ አለበት። ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ሲኬ የሚባሉት የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች አሉ፣ ኦኢቲ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ የዲግሪ ማጣራት አለ። ትራንስክሪፕቱና “ዲን ሌተር” የምንለው፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪው የሚጽፈው ኤምኤስፒኢም በዚሁ በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ነው ኢራስ ውስጥ የሚገቡት። ማመልከቻውን ግን አመልካቹ በገዛ እጁ ይሞላል።

በዚያ ዓመት ማመልከቻ ማስገባት የተጀመረው ሴፕቴምበር 4፣ 2024 ነበር። ፕሮግራሞቹ ማየት የጀመሩት ሴፕቴምበር 25 ነው። አመልካቹ ሰብሚት ብሎ ከላከ በኋላ ማመልከቻው ይቆለፋል። አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይልና የመሳሰሉት ይስተካከላሉ። አዲስ ፐርሰናል ስቴትመንት፣ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈውን ጽሑፍ፣ መጻፍ ይቻላል። ዘግይቶ የመጣ የድጋፍ ደብዳቤም ቦታ ካለ ይጨመራል። ትምህርት፣ ሥራ፣ ምርምር፣ ቀኖች ግን አይነኩም።

እሷ ለ90 ፕሮግራሞች አመለከተች። የዚያ ዓመት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ 30 ፕሮግራሞች ለእያንዳንዳቸው 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ 30 ዶላር ነበር። ደምሩት፤ 2,130 ዶላር። ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ስህተቱ

እኔ አማካሪዋ ማመልከቻውን ያየሁት ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው። ለኢንተርቪው እንዳለማምዳት ብላ ፒዲኤፉን ላከችልኝ። እኔ ማመልከቻ ስመለከት ክፍል በክፍል አላነብም። ቀኖቹን ብቻ ነጥዬ አወጣና በአንድ መስመር እደረድራቸዋለሁ። ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰውም ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ክፍተትና መደራረብ ላይ ስለሆነ ነው።

የእሷ መስመር ላይ ሁለት ቀኖች ቦታ ተቀያይረው ወጡ። በጠቅላላ ሐኪምነት ሥራ የጀመረችው ጃንዋሪ 2020። ከሕክምና ትምህርት የተመረቀችው ኖቬምበር 2020። ማመልከቻዋ እንደሚለው ከሆነ ሳትመረቅ አሥር ወር በሐኪምነት ሠርታለች።

“ይሄ እንዴት ነው?” አልኳት በስልክ።

ዝም አለች። ከዚያ “ዶክተር፣ እኔ እኮ የተመረቅኩት ኅዳር 2012 ነው” አለች። ቀጥሎ የሰማሁት ስትቆጥር ነው።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ኖቬምበር 2019 ነው። የሚደመረው 7 ነበር፤ እሷ 8 ደመረች። ሥራ የጀመረችው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። እዚያ 8 መደመር ልክ ነው፤ ጃንዋሪ 2020 ይመጣል። ሁለቱም ቀኖች የ2012 ዓ.ም. ናቸው፤ ሁለቱም ላይ 8 ተደመረ፤ አንዱ ልክ ሆነ፣ አንዱ አንድ ዓመት ዘለለ።

ይህ ስህተት ከመሬት የሚነሳ አይደለም። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የሚገባው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ስለሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ማለትም ከዓመቱ ከስምንት ወር በላይ የሚሆነውን የምንኖረው በ8ቱ ውስጥ ነው። አእምሯችን የሚለምደውም እሱኑ ነው። በዚህ ላይ የኛ የምረቃ ወቅት እንደየዩኒቨርሲቲውና እንደየዓመቱ ሁኔታ ይንሸራተታል። ሐምሌ ላይ የተመረቀ ሰው በ8 ቢደምር ምንም አይሆንም። ኅዳር ላይ የተመረቀ ግን እንዲህ ይያዛል።

ለምን አንዱን ልክ፣ አንዱን ስህተት እንደሞላች ስንመረምር ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ በትርጉም ቤት ተተርጉሞ የፈረንጆቹ ቀን ተጽፎበት ነበር። የሥራውን ክፍል ከዚያ ላይ ገለበጠች። ምረቃዋን ግን ማን ይረሳል ብላ ከራሷ ሞላች። ኦሪጅናል ዲግሪው፣ የፈረንጆቹ ቀን በግልጽ ተጽፎበት፣ እዚያው ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

የጠቀማት ስህተት

እስካሁን ያለው የቁጥር ጉዳይ ይመስላል። የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው።

ከውጭ ለሚመጣ ሐኪም የምረቃ ዓመት ትልቅ ነገር ነው። አመልካቾች ራሳቸው “ዋይ ኦ ጂ” ይሉታል። ብዙ ፕሮግራሞች “ከተመረቀ አምስት ዓመት ያልሞላው” የሚል ወሰን አላቸው። ሌሎች ሦስት ይላሉ፣ ሌሎች አሥር፤ ምንም የማይሉም አሉ። ወሰኑን ድረ ገጻቸው ላይ ይጽፉታል፣ ማመልከቻዎችንም በዚያ ያጣራሉ። ሪሲደንሲው የሚጀምረው ጁላይ 2025 ነው። ከኖቬምበር 2019 ሲቆጠር 5 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። ከኖቬምበር 2020 ሲቆጠር ግን 4 ዓመት ከ8 ወር። እስከ ሪሲደንሲው መጀመሪያ ቀን የሚቆጥር ፕሮግራም በትክክለኛው ቀን ይጥላታል። በተሳሳተው ቀን ያሳልፋታል።

ስህተቱ የተገላቢጦሽ ቢሆንና 2018 ብላ ብትሞላው ኖሮ የምትጎዳው ራሷ ብቻ ነበረች። ማስተካከያውን ስትልክ “ምስኪን፣ ቀን ተሳሳተባት” ነበር የሚባለው። አመልካቹን የሚጠቅም ስህተት ግን ሌላ ነው። ሆን ተብሎ ከተሠራ ነገር ለመለየት ያስቸግራል። አንባቢው ልቧን አያይም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነው። እኔ የማንኛውንም የማመልከቻ ስህተት ክብደት የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። የሰሚውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል? ከለወጠስ ለማን ያደላል? ለሁለቱም መልሱ መጥፎ ከሆነ ማሳወቅ የግድ ነው፤ ያውም በቶሎ።

የፕሮግራም ዳይሬክተሮች ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1995 የወጣ አንድ ጥናት ለጨጓራና አንጀት ሕክምና ፌሎሺፕ ያመለከቱ ሐኪሞችን ማመልከቻ አጣርቶ ነበር። ጽሑፍ አሳትመናል ካሉት ውስጥ 30 በመቶ የሚሆኑት ያልተገኘ ወይም በትክክል ያልተገለጸ ጽሑፍ ዘርዝረው ተገኙ። ከዚያ በኋላ በሌሎች የሕክምና ዘርፎችም ተመሳሳይ ፍተሻዎች ተካሂደዋል። ማመልከቻ የሚያነቡ ሰዎች ይህን እያወቁ ነው የሚያነቡት።

ሰብሚት ከማለት በፊት የሚፈረመው ማረጋገጫም ቀልድ አይደለም። የሞላሁት ሁሉ እስከማውቀው ድረስ የተሟላና ትክክል ነው ይላል። ሐሰተኛ ወይም የጎደለ መረጃ ከውድድር ሊያስወጣ፣ የኤኤኤምሲ ምርመራ ሊያስከትል፣ ከኢራስ ሊያሳግድ፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላም ሊያስባርር እንደሚችል ይዘረዝራል። “እስከማውቀው ድረስ” የምትለዋን ልብ በሉ። ስትፈርም አላወቀችም ነበር። ከዚያ የስልክ ንግግራችን በኋላ ግን አወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ማለት የራሷ ምርጫ ነው የሚሆነው።

የተሰጧት ምክሮች

ባለቤቷ “ዝም በይ፤ ማን ያየዋል?” አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለሁለት ዓመት ልጆቹን እያስተኛ ያስጠናት እሱ ነው፤ 2,130 ዶላሩም ከእሱ የኡበር ገንዘብ ነው የወጣው። ግን ልክ አልነበረም። ኤምኤስፒኢውና ትራንስክሪፕቱ የተመረቀችው በ2019 ነው ይላሉ። ሁለቱም በዚያው ኢራስ ውስጥ፣ ከማመልከቻው ጎን ተቀምጠዋል። ለኢንተርቪው የሚዘጋጅ አንድ ትጉህ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢከፍት አለቀ።

ሁለተኛው ምክር የመጣው አብሯት ከሚያጠና ሐኪም ነው። ይሄኛው አደገኛ ነበር። “ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የሠራሁት ኢንተርንሺፕ ነው በያቸው” አላት። ለአሜሪካኖች ያስኬዳል። የኛ ኢንተርን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት እንደ ሐኪም ሌት ተቀን ሲሠራ ይከርማል። ያንን የማያውቅ ሰው “አሃ፣ ገባኝ” ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን እሷ በጃንዋሪ 2020 ኢንተርን አልነበረችም፤ በደሞዝ የተቀጠረች ጠቅላላ ሐኪም ነበረች። የመደመር ስህተትን በውሸት ማብራሪያ መሸፈን ጉዳዩን ከስህተትነት አውጥቶ ማጭበርበር ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚጠፋውም በመጀመሪያው ስህተት አይመስለኝም፤ እሱን ለመሸፈን በሚናገረው ሁለተኛ ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ ማመልከቻውን ስቦ እንደገና ማስገባት። አይቻልም። ከአንድ ፕሮግራም ራስን ማውጣት ይቻላል፤ ለዚያ ዓመት ሪሲደንሲ ግን ያለው ማመልከቻ ያው አንድ የተቆለፈው ነው።

አራተኛው ብልህነት የሚመስል ነበር። ፐርሰናል ስቴትመንት ከተላከ በኋላም ይስተካከላል፤ ታዲያ እዚያ ውስጥ ሁለት መስመር ማብራሪያ ለምን አናስገባም? እኔ አልተስማማሁም። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ተመልሶ አዲሱን ያነባል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ያ ጽሑፍ ለምን ሐኪም እንደሆነችና ምን ዓይነት ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ የምትነግርበት ነው። የቀን ማስተካከያ እዚያ መሐል ሲገባ የተደበቀ ነገር ይመስላል። የስቴትመንት ማስተካከያ የሚጠቅመው ስህተቱ ራሱ ስቴትመንቱ ውስጥ ሲሆን ነው። የሌላ ፕሮግራም ስም ጽፎ የላከ ሰው ለምሳሌ ዛሬውኑ ይቀይረው።

የተደረገው

መጀመሪያ ሰነዶቹን አወጣን። ዲግሪው፣ ኤምኤስፒኢው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ ኢሲኤፍኤምጂ ዘንድ ያለው መዝገብ። አራቱም ኖቬምበር 2019 ይላሉ። ኢሲኤፍኤምጂ ዘንድ ከዓመታት በፊት የሞላችው ቅጽ ልክ ነበር፤ ያኔ ዲግሪውን እያየች ነው የሞላችው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ፣ የቀረው ሁሉ እንደሚጣጣም ማሳየት ተቻለ። ማስተካከያ ልኮ ሌላ ልዩነት በኋላ ብቅ ሲል የሚደርሰውን አታምጣ ነው።

ከዚያ ኢራስን ጠየቀች። መልሱ የሚጠበቀው ነበር። የገባ ማመልከቻ አይከፈትም፣ ፕሮግራሞቹን ራስሽ አነጋግሪ።

እግረ መንገዳችንን ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽነው። ሌሎች ሦስት ነገሮች ተገኙ። የሠራችበት ከተማ ስም በሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተጽፏል። አንድ የሥራ መግለጫ 750 ፊደል ሞልቶበት መጨረሻው ላይ ቃል ተቆርጧል። የበጎ ፈቃድ ሥራዋ “የቀጠለ” ሳይባል ቀርቷል። እሷ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ልታስተካክል ፈለገች። እኔ ተውያቸው አልኳት። እነዚህ ማንንም አያሳስቱም፤ ለማንም አያደሉም። አራት ስህተት የሚዘረዝር ደብዳቤ ዋናውን ይቀብረዋል፤ የምትለው ነገርም “ቸልተኛ ነኝ” ብቻ ነው የሚሆነው። ቢጠይቋት ትመልሳለች። የከተማው ስም ላይ ማንም አልጠየቃትም።

በነገራችን ላይ የኛ አገር ሰው በዚህ ጉዳይ ዋና ራስ ምታቱ የስም አጻጻፍ ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪ ላይ ሌላ ዓይነት። ያ ግን በኢሲኤፍኤምጂ በኩል በጊዜ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

የደብዳቤው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። የመጀመሪያው ረቂቋ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። በአክብሮት ሰላምታ ይጀምራል፤ ወደ ልጆቿ ይሄዳል፤ የሌሊት ጥናቱን ይተርካል፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ይጠይቃል። ቀኑ የሚመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ከሰላምታው እስከ ጉዳዩ መንገዱ ረጅም ነው፤ ባህላችንም ነው፤ በቦታው ያምራል። በቀን መቶ ኢሜይል የሚከፍት ኮኦርዲኔተር (የፕሮግራሙን ማመልከቻዎች የሚያስተባብር ሠራተኛ) ዘንድ ግን አያምርም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የተማጽኖ ብዛት ጥርጣሬ ይጭራል። ሰባት ዓረፍተ ነገር እስኪቀር ቆረጥነው። በእንግሊዝኛ የተላከው ሐሳቡ ይህ ነው።

የኢሜይሉ ርዕስ፦ የምረቃ ቀን ማስተካከያ፤ ሙሉ ስሟ፤ የኤኤኤምሲ መለያ ቁጥሯ።

“በኢራስ ባስገባሁት ማመልከቻ የምረቃ ቀኔን ኖቬምበር 2020 ብዬ ሞልቻለሁ። ትክክለኛው ኖቬምበር 2019 ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከግሪጎሪያኑ እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ስቀይረው 7 መደመር ሲገባኝ 8 ደምሬያለሁ። ትክክለኛው ቀን እጃችሁ ባለው ኤምኤስፒኢና ትራንስክሪፕት ላይ ይገኛል፤ የዲግሪዬን ቅጂም አያይዣለሁ። ማመልከቻው ስለተቆለፈ ራሴ ላስተካክለው አልቻልኩም። ይህ በፕሮግራማችሁ የምረቃ ዓመት መስፈርት ላይ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ውሳኔያችሁን እቀበላለሁ። ለስህተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ከመጨረሻው በፊት ባለችው ዓረፍተ ነገር ተከራከርን። “ዶክተር፣ ለምን ራሴ መንገዱን አሳያቸዋለሁ? ካዩት ይዩት!” አለችኝ። ንግግሯ ሚዛን አለው። ሌላ አማካሪ ቢሆን ያወጣላት ነበር ብዬ አስባለሁ። የኔ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ደብዳቤው ተራ የፊደል ማረሚያ ይመስላል። ወሰን ያለው ፕሮግራም በኋላ ሲያውቅ “ክብደቱን እያወቀች አቅልላ ነገረችን” ይላል። ዓረፍተ ነገሯ ካለች ግን ስህተቱ እንደጠቀማት ራሷ ታውቃለች፣ ጥቅሙንም መልሳ እየሰጠች ነው። ማንም ከዚያ በኋላ የሚጨምርባት ነገር የለውም። አንድ ሌሊት አደረችበትና ትቆይ አለች።

ከዚያ ደብዳቤውን በተራ መላክ መጣ። መጀመሪያ ኢንተርቪው ለሰጧት ሁለት ፕሮግራሞች። እነሱ በተሳሳተ ቀን ላይ ተመሥርተው ወስነዋል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ማወቅ አለባቸው። ቀጥሎ ሲግናል ለላከችላቸው። በዚያ ዓመት ኢንተርናል ሜዲስን ለአንድ አመልካች 3 የወርቅና 12 የብር ሲግናል ይሰጥ ነበር፤ “ከሁሉም በላይ እናንተን እፈልጋለሁ” ማለት ነው። ከዚያ በድረ ገጻቸው የዓመት ወሰን የጻፉት። በመጨረሻ የቀሩት። የኮኦርዲኔተሮቹን ኢሜይል ያገኘችው ፍሪዳ ከሚባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የመረጃ ቋት፣ ለሪሲደንሲ ፕሮግራሞች ዕውቅና ከሚሰጠው ከኤሲጂኤምኢ ዝርዝርና ከየድረ ገጻቸው ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው ተላከ። ዘጠና አድራሻ በአንድ ኢሜይል አጭቆ መላክ ያጓጓል፤ ግን አንዱ ተቀባይ የሌላውን ስም ካየ ነገሩ ተበላሸ። ደግሞ ብዙው ወደ ስፓም ይገባል።

ዘጠናውንም ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር ወይ? ወሰን ለሌለው ፕሮግራም ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ባይነገረው ኃጢአት አልነበረም። የተላከው በሌላ ምክንያት ነው። የትኛው ፕሮግራም በውስጥ ምን ወሰን እንደሚጠቀም ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ለግማሹ ነግሮ ለግማሹ አለመንገርም በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል።

ምን መለሱ

አብዛኞቹ ምንም አልመለሱም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ዝምታን እንደ ቁጣ መቁጠር አያስፈልግም። የተወሰኑት “አመሰግናለሁ፣ ፋይልሽ ላይ ማስታወሻ አስቀምጠናል” አሉ። አንዱ ከዩኒቨርሲቲዋ ሬጅስትራር ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠየቀ። ከዚህ ሆኖ ያንን ማስጻፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኤምኤስፒኢው ከዩኒቨርሲቲው ራሱ የተላከ መሆኑንና ቀኑ ያለበትን ገጽ ጠቅሳ መለሰች። በቂ ነው አሉ።

ኢንተርቪው ከሰጧት ሁለቱ አንዱም አልሰረዘም።

አንድ ፕሮግራም ግን በሁለተኛው ቀን ጻፈላት። በትክክለኛው ቀን ከአምስት ዓመት ወሰናችን ስላለፍሽ ማመልከቻሽን አንቀጥልበትም፣ ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን። ይህ ፕሮግራም ከሦስቱ የወርቅ ሲግናሎች አንዱን የሰጠችው ነበር። ሲግናል ከተላከ አይመለስም፤ ለሌላ አይዛወርም። ያን ቀን በጣም አለቀሰች። ባለቤቷም “አላልኩሽም?” ማለቱ አልቀረም። እኔም ያልኳት የሚያጽናና ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙ ልክ ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ከመጀመሪያው ብትሞላ ኖሮ ሲግናሉን እዚያ ባልጣለችው ነበር። ያጣችው ነገር ከደብዳቤው የመጣ አይደለም፤ ኦገስት ላይ ዲግሪው መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ቅጹ ሲሞላ የጠፋ ነው።

ወደ ኢንተርቪዎቹ ስንመጣ፣ መልሱን ተለማመድነው። ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ ነበር ደንባችን። ስህተቱ ምን ነበር፣ እንዴት ተፈጠረ፣ ስታውቅ ምን አደረገች። ስለ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ታሪክ መተረክ የለም፤ ካልጠየቁ በስተቀር። አንድ ዳይሬክተር ግን ጠየቃት። አሥራ ሦስት ወር መኖሩን ሲሰማ “ታዲያ ደሞዙ አሥራ ሦስት ጊዜ ነው?” አለ። አይደለም አለችው፤ ጳጉሜን ያለ ደሞዝ እንደሚሠራም ነገረችው። ጥያቄው እዚያ ላይ አበቃ፣ ወደ ሕመምተኛ ጉዳይ ተሻገሩ። ሌሎቹ ጭራሽ አላነሱትም። ካላነሱት እሷም አታነሳም ብለን ተስማምተን ነበር። በጽሑፍ ተነግሯል፤ ኢንተርቪው ላይ በራስ ተነሳሽነት እንደገና መናዘዝ ያቺን አጭር ጊዜ ይበላል።

ማርች 2025 ላይ ማች አደረገች። አርብ 21 ነበር ቀኑ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑና ውጭ ከተማሩ አመልካቾች ቦታ ያገኙት 58 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር አያይዤ “በሐቀኝነቷ አለፈች” ልል አልችልም። ውጤቷ ጥሩ ነበር፣ ደብዳቤዎቿ ጥሩ ነበሩ፣ ዕድልም ነበራት። ያው ደብዳቤ ተልኮ ማች የማያደርግ ሰው ይኖራል።

የደብዳቤው ጥቅም በግልጽ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ማች ያደረገ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀት ሥራ ይገባል። የሆስፒታሉ የሥልጠና ቢሮ ሰነድ ያጣራል፣ የኋላ ታሪክ ምርመራ ይደረጋል፣ ከስቴቱ የሕክምና ቦርድ የሥልጠና ፈቃድ ይወጣል። ሁሉም ቀን ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ከትምህርት ቤቱ ጋር ያመሳክራሉ። ኤፕሪል ላይ የአጣሪው ድርጅት ሪፖርት መጣ። ኢራስ ላይ ያለው የምረቃ ቀን ዩኒቨርሲቲው ካረጋገጠው ጋር አይገጥምም ይላል። ሦስት ወር ሳይሞላ ሥራ ልትጀምር የተዘጋጀች ሐኪም ይህ ኢሜይል ሲደርሳት ምን እንደሚሰማት ገምቱት። ባለቤቷ ነው የደወለልኝ፤ በዚህ ጊዜ “ዝም በይ” የሚል ሐሳብ አልነበረውም።

ከስድስት ወር በፊት፣ ኢንተርቪው እንኳ ሳይደረግ ለዚያው ፕሮግራም የላከችውን ኢሜይል ከነቀኑ፣ ከነኮኦርዲኔተሯ መልስ ለሥልጠና ቢሮው አስተላለፈች። ምንም ማብራሪያ አልጨመረችበትም። ቢሮው በማግስቱ ጉዳዩ ፋይሏ ላይ አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደነበር ገልጾ ዘጋው። የስቴቱን የፈቃድ ቅጽ ስትሞላ ዲግሪው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀኖቹን የገለበጠችው ደግሞ ባለቤቷ እያነበበላት ነው። ፈቃዷ ጁን ላይ ወጣ።